ማቆሚያ የሌለውን ቤት መግዛት ወይስ መተው? አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ቤት ሲያፈላልግ የቆየ ሰው በመጨረሻ ሁለት ቤቶች ቀርተውት ሲያመነታ ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። አንደኛው ሰፋ ያለ፣ ብርሃን የሚገባውና ለሥራ ቦታ የቀረበ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ግን የለውም። ሌላው ጠበብ ወይም ራቅ ያለ ቢሆንም ማቆሚያ አለው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ገዢው ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱንና ወጥ ቤቱን በዓይኑ እየለካ ይዞራል፤ ቤት የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀን፣ የሰፈሩ ሰው ሥራ ላይ ሳለና መንገዱ ባዶ ሆኖ ስለሆነ፣ የማቆሚያው ጉዳይ ያን ያህል አያሳስብም። ማሳሰብ የሚጀምረው ቤቱ ተገዝቶ፣ ዕቃው ገብቶ፣ አዲሱ ባለቤት ከሥራ ደክሞ ሲመለስ ሰፈሩን ለሦስተኛ ጊዜ የዞረ ምሽት ነው።

«ማቆሚያ የሌለው ቤት አይገዛም» የሚለውን ምክር አልቀበለውም፤ «መኪና የትም ይቆማል» የሚለውን ደግሞ ይበልጥ አልቀበለውም። ማቆሚያ የሌለው ቤት ለብዙ ሰው ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል፤ ኪሳራ የሚሆነው ማቆሚያ ባለው ቤት ዋጋ ሲገዛ፣ ወይም ገዢው መኪናው የት እንደሚያድር ሳያውቅ ሲፈርም ነው። ስለዚህ ቤትን ከቤት ጋር ከማወዳደር በፊት የመኪናን ማደሪያ ከማደሪያ ጋር ማወዳደር ይገባል።

በተግባር በገዢ ፊት የሚቀርቡት አማራጮች አምስት ናቸው። የመጀመሪያው በባለቤትነት ሰነዱ ላይ የራሱ ማቆሚያ የተመዘገበለት ቤት ነው። ሁለተኛው ሕንፃው የጋራ ማቆሚያ ያለው፣ ቦታው ግን ለማንም በስም ያልተመደበ ቤት ነው። ሦስተኛው ማቆሚያ የሌለውና መኪናው መንገድ ዳር የሚያድርበት፣ አራተኛው ደግሞ ማቆሚያ ባይኖረውም በአቅራቢያው ቦታ ተከራይቶ የሚኖርበት ነው። አምስተኛው መኪና የሌለው፣ ወይም ያለውን ለመሸጥ የቆረጠ ሰው የሚገዛው ማቆሚያ አልባ ቤት ነው።

መኪናው ስንት ሰዓት ይቆማል?

የግል መኪና ከዕድሜው 95 በመቶ ያህሉን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው የሚለው ግምት በከተማ ትራንስፖርት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ወደ ሰዓት ሲመነዘር በቀን 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይነዳል፤ የቀረውን 22 ሰዓት ከ48 ደቂቃ አንድ ቦታ ቆሞ ይውላል፣ ያድራል። ሰዎች መኪና ሲገዙ ስለ ሞተሩና ስለ ነዳጅ ፍጆታው በጥንቃቄ ያስባሉ፤ ቤት ሲገዙ ግን ይህ ንብረት አብዛኛውን ዕድሜውን የት እንደሚያሳልፍ ሳይጠይቁ ያልፋሉ።

የሰዓቱ አቀማመጥ ከብዛቱ ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቤቱ የሚገባ ሰው መንገድ ዳር ቦታ አያጣም። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ከፈረቃ የሚመለስ ነርስ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ግን ሁሉም መኪናውን አቁሞ ከተኛ በኋላ ነው የሚደርሰው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «መንገድ ዳር ይቆማል» የሚለው አማራጭ በስም እንጂ በተግባር የለም። የተኛ ሕፃን ተሸክሞ የሚገባ ወላጅ፣ ለመራመድ የሚቸገር አረጋዊ አብሮት የሚኖር ሰው፣ የሥራ መሣሪያውን መኪናው ውስጥ የሚያሳድር ቴክኒሻን ከማንም ይልቅ በር ላይ የሆነ ማቆሚያ ያስፈልጋቸዋል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መኪና የሚያንቀሳቅስ ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር አለበት፤ መንገድ ዳር ለቀናት ሳይነሣ የሚቆም መኪና በብዙ ከተሞች ቅጣት ወይም መነሣት ሊያስከትልበት ይችላል።

መንገድ ዳር ማቆም

ይህን አማራጭ በወሬ መመዘን አይቻልም፤ ሄዶ ማየት ግድ ነው። በሥራ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ እንደገና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ በተጨማሪም በአንድ የዕረፍት ቀን መኪና ይዞ መሄድና ከቤቱ በ400 ሜትር ዙሪያ ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ መቁጠር ያስፈልጋል። አራት መቶ ሜትር በተለመደ እርምጃ 5 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ርቆ የቆመ መኪና ዝናብ ባለበትና ዕቃ በተያዘበት ቀን እንደሌለ ይቆጠራል። ሦስቱንም ጊዜ ቦታ የተገኘ እንደሆነ መንገዱን ማመን ይቻላል፤ አንዴ ተገኝቶ ሁለቴ ከታጣ አማራጩን ከዝርዝሩ መሰረዝ ይሻላል።

አንድ ቀላል ስሌት ደግሞ ከወንበር ሳይነሡ ሊሠራ ይችላል። መንገድ ዳር የሚቆም አንድ መኪና ለመግቢያና ለመውጫ የሚያስፈልገው ክፍተት ተጨምሮ 6 ሜትር ያህል ይይዛል። እንግዲህ 100 ሜትር ርዝመት ባለው የመንገድ ጠርዝ ላይ፣ በሮች፣ ማዕዘኖችና የእግረኛ መሻገሪያዎች ባይኖሩ እንኳ፣ ከ16 መኪና በላይ አይቆምም። በዚያ ጠርዝ ላይ 30 ቤቶች ያሉት ሕንፃ ቢኖር ግማሾቹ ብቻ መኪና ቢኖራቸው ቦታው አለቀ ማለት ነው፤ ከማዶ ደግሞ ሌላ ሕንፃ እየተሠራ ከሆነ የዛሬው ቆጠራ የከርሞውን አያሳይም።

ከዚህም በላይ መንገዱ የገዢው አይደለም። ዛሬ በነጻ የሚቆምበት ጠርዝ ነገ የብስክሌት መስመር፣ የአውቶቡስ መስመር ወይም በሰዓት የሚከፈልበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ደግሞ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ታስቦ ነው የሚገዛው። ለነዋሪዎች የመንገድ ዳር ማቆሚያ ፈቃድ በሚሰጥባቸው ከተሞችም ቢሆን ፈቃዱ የመፈለግ መብት እንጂ ቦታ አይሰጥም። እንደ ለንደን ባሉ ከተሞች ደግሞ አንዳንድ አዳዲስ ሕንፃዎች የሚፈቀዱት ነዋሪዎቻቸው የመንገድ ዳር ማቆሚያ ፈቃድ እንዳይጠይቁ በሚያግድ ሁኔታ ስለሆነ፣ ቤቱ የሚገኝበት ሕንፃ እንዲህ ያለ ገደብ እንዳለበትና እንደሌለበት ከሻጩ ሳይሆን ፈቃዱን ከሚሰጠው አካል መጠየቅ ተገቢ ነው። ጃፓን ይህን ጥያቄ በሕግ ቋጭታዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው ሕግ መሠረት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መኪና ለማስመዝገብ የሚፈልግ ሰው ከመንገድ ውጭ የሆነ ማቆሚያ እንዳለው ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ቦታውም ከመኖሪያው ከ2 ኪሎ ሜትር መራቅ የለበትም። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር የሚኖር ገዢም ራሱን በዚህ ጥያቄ ቢፈትን አይከፋም፤ ማስረጃ አምጣ ቢባል ምን ያቀርባል?

«ማቆሚያ አለው» ሲባል

ከአማራጮቹ ሁሉ ገዢ የሚዘናጋው በዚህኛው ነው፤ አለ ከተባለ በኋላ ማንም ወርዶ አያየውምና። አንድ ጊዜ ከዘመዴ ጋር አፓርትመንት ለማየት ሄጄ ነበር። የሽያጭ ወረቀቱ «አንድ የመኪና ማቆሚያ» ይላል። ቦታው በምድር ቤቱ ጥግ፣ በዓምድና በግድግዳ መካከል ሆኖ አገኘነው፤ ስንለካው ስፋቱ 2 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር ነው። የሻጩ ሰው ደህና ነጂ ስለነበር ትንሿን መኪናውን በሁለት ጊዜ ማስተካከያ አስገባት። ከዚያ በሩን ሲከፍት ዓምዱ ያዘው፤ በጠባቧ ክፍተት ትከሻውን ለማሾለክ ሞከረ፤ በመጨረሻ ማርሹን ተሻግሮ በተሳፋሪው በኩል እየተጎተተ ወጣ። ዓምዱን ቀረብ ብለን ስናየው ከጉልበት በታች ያለው ክፍል በቀይ፣ በነጭና በብርማ ቀለም ተዠጎርጉሯል፤ ከእኛ በፊት የሞከሩት መኪኖች ቀለም ነበር። ዘመዴ ቤቱን አልገዛውም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሜትር ሳልይዝ ቤት ለማየት አልሄድም።

መካከለኛ የቤት መኪና ያለ ስፖኪዮ 1.8 ሜትር፣ ከስፖኪዮዎቹ ጋር 2 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ በር ከፍቶ ለመውረድ ደግሞ በአንድ ወገን ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ከግራና ከቀኙ ክፍት የሆነ 2.5 በ5 ሜትር ቦታ ይበቃል፤ በዓምድና በግድግዳ መካከል ያለ ቦታ ግን 3 ሜትር ያህል ካልሰፋ በየቀኑ ያማርራል። ከቦታው ፊት ለፊት ያለው መተላለፊያ 6 ሜትር ካልሆነ ወደ ኋላ እየተመለሱ ማስተካከል ይበዛል። የጣሪያው ከፍታም ይለካል፤ ብዙ ምድር ቤቶች 2.1 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ በላዩ ዕቃ መጫኛ የተገጠመለት ረጅም መኪና በዚያ ላይገባ ይችላል። ወደ ምድር ቤቱ በሚያወርደው ተዳፋት (ራምፕ) ላይ የራስን መኪና አንድ ጊዜ ማውጣትና ማውረድ፣ ሆዱ ይነካ እንደሆነ ማዳመጥ፣ በግድግዳው ላይ ውኃ ተኝቶበት ያለፈ መስመር መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። መኪና ደርቦ በሚያነሣ ማሽን ላይ ያለ ማቆሚያ ከሆነ ደግሞ የክብደትና የከፍታ ገደቡን መጠየቅ ግድ ነው፤ ከባድ የኤሌክትሪክ መኪና የማይችሉ ብዙ አሉ። አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ የሚቆምበት ቦታ በባልና ሚስት መካከል ይቻል ይሆናል፤ ከማያውቁት ጎረቤት ጋር ግን ማታ በር ማንኳኳትን ያስከትላል።

መለኪያው ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ይታያል። ጥያቄው «ማቆሚያ አለው ወይ?» ሳይሆን «ይህን ቦታ ሊወስድብኝ የሚችለው ማን ነው?» የሚል መሆን አለበት። በባለቤትነት ሰነዱ ላይ ቁጥሩ ተጠቅሶ የተመዘገበ ቦታ ከቤቱ ጋር ይሸጣል፣ ይወረሳል። የነዋሪዎች ማኅበር በድልድል የሰጠው ቦታ በሌላ ስብሰባ ሊደለደል ይችላል። ሻጩ ከጎረቤቱ ተከራይቶ ሲጠቀምበት የነበረ ቦታ ከሻጩ ጋር ይሄዳል። «ሁልጊዜ እዚህ ነው የማቆመው» የሚለው ደግሞ ልማድ እንጂ መብት አይደለም። በወረቀት ያልሰፈረውን ማቆሚያ እንደሌለ ቆጥሮ ዋጋ መስጠት ይገባል፤ በዚህ ረገድ ለደላላም ሆነ ለወዳጅ ቃል ልዩ አስተያየት ማድረግ አያስፈልግም።

በስም ያልተመደበ የጋራ ማቆሚያ ባለው ሕንፃ ውስጥ የቤቶቹንና የቦታዎቹን ቁጥር ማስተያየት ይበቃል። አርባ ቤት ላለው ሕንፃ 25 ቦታ ካለ ወሳኙ የነዋሪዎቹ የመኪና ብዛት ነው። አዲስ ሕንፃ ላይ ግን የሚያሳስት ነገር አለ፤ ግማሹ ቤት ገና ሰው ስላልገባበት ምድር ቤቱ ሰፊ መስሎ ይታያል።

ሒሳቡ

አንድ የምድር ቤት ማቆሚያ፣ የመተላለፊያና የራምፕ ድርሻው ሲታከልበት፣ ከ25 እስከ 35 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ የአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ስፋት ማለት ነው። ማቆሚያ ያለው ቤት የሚወደደው ሻጩ ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ስለሆነም ሁለቱ ቤቶች በዋጋ የሚለያዩበትን ወደ ወር መመንዘር የንጽጽሩ ዋና ሥራ ነው። ልዩነቱን በብድሩ ዓመታዊ ወለድ ማባዛትና ለ12 ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ በየትኛውም ገንዘብ ልዩነቱ 12,000፣ ወለዱም 9 በመቶ ቢሆን፣ ማቆሚያው በዓመት 1,080፣ በወር 90 ያስወጣል ማለት ነው። በዚያው ሰፈር ጥበቃ ያለው ቦታ በወር 70 የሚከራይ ከሆነ ማቆሚያ የሌለው ቤት በገንዘብ ረገድ ይሻላል፤ 120 የሚከራይ ከሆነ ማቆሚያ ያለው ቤት ርካሽ ነው። ብድር የማይወስድ ገዢም ቢሆን ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥ ሊያስገኝ ይችል የነበረውን ወለድ በብድሩ ወለድ ቦታ ተክቶ ያሰላል።

በዚህ ላይ ሁለት ማስተካከያ ይጨመራል። አንደኛው ኪራይ ቆሞ እንደማይቀር ነው፤ በየዓመቱ 6 በመቶ የሚጨምር ኪራይ በ12 ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ የብድር ክፍያ ግን ወለዱ ቋሚ ከሆነ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የኪራዩና የወለዱ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ወደ ግዢው ማዘንበል ተገቢ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ቦታ ፍለጋ 12 ደቂቃ፣ ከቆመበት ወደ ቤት መሄጃ 6 ደቂቃ ቢወስድ በቀን 18 ደቂቃ ነው፤ በዓመት 300 ቀን ሲባዛ 90 ሰዓት ይሆናል። ሁለት የሥራ ሳምንት ያህል ማለት ነው፤ ለዚህ ጊዜ ምን ዋጋ እንደሚሰጠው እያንዳንዱ ገዢ ለራሱ ይወስናል። የሚገርመው ብዙ ሰው ለወለድ ሩብ በመቶ ከባንክ ባንክ እየዞረ ይህን ግን ጨርሶ አለማሰቡ ነው።

ሒሳቡን ሊቀይር የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እሱም የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህን 2 ኪሎዋት በሚሰጥ ተራ የግድግዳ ሶኬት እንኳ በአራት ሰዓት ውስጥ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ ሶኬት ሊደርሰው የሚችል የራስ ማቆሚያ ያለው ሰው ማደያው ቤቱ ነው ማለት ይቻላል። መንገድ ዳር የሚያሳድር ሰው ግን በሕዝብ ቻርጀር ላይ ይመሠረታል፤ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከቤት ኤሌክትሪክ ይበልጣል፣ ወረፋም አለው። ከመስኮት በእግረኛ መንገድ ላይ ገመድ መዘርጋት መፍትሔ አይደለም፤ አደገኛ ነው፣ በብዙ ቦታም የተከለከለ ነው። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው የራሱ ማቆሚያ ያለውን ቤት ከፍ ባለ ዋጋም ቢሆን ቢመርጥ አልተሳሳተም እላለሁ፤ ከመፈረሙ በፊት ግን በማቆሚያው ላይ ቻርጀር ለማስገጠም የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይጠይቅ።

ሲሸጥስ?

ማቆሚያ የሌለው ቤት ሲሸጥ ገዢ ያጣል የሚለው ስጋት በከፊል ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ የተደረገ የታወቀ ጥናት ማቆሚያ ያላቸው ቤቶች ከሌላቸው ከ10 በመቶ በላይ በሆነ ዋጋ እንደሚሸጡ አሳይቷል፤ እዚያው ጥናት ላይ ግን ማቆሚያ የሌላቸው አፓርትመንቶች ፈጥነው ይሸጡ ነበር፤ አቅሙ ለማይፈቅድ ብዙ ገዢ በር ከፍተዋልና። ስለዚህ በርካሽ የተገዛ በርካሽ ይሸጣል፤ ጉዳቱ የሚመጣው በውድ ተገዝቶ በርካሽ ሲሸጥ ነው። ከዚህም ጋር ብዙ ከተሞች ገንቢዎች የግድ ማቆሚያ እንዲሠሩ የሚያስገድደውን ደንብ እየተዉ ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2004፣ የአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማና ሜክሲኮ ሲቲ በ2017 ይህን አድርገዋል። እንዲህ ባለ ከተማ ማቆሚያ የሌላቸው ቤቶች ይበዛሉ፤ ያለውም ማቆሚያ ይበልጥ ይፈለጋል።

መኪና ለሌለው ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ለማይጠቀምበት 25 ካሬ ሜትር መክፈል የለበትም። ሊያረጋግጥ የሚገባው የሕዝብ ትራንስፖርቱ ማታና በዕረፍት ቀን መኖሩን፣ እንዲሁም የዕቃ መኪናና አምቡላንስ እስከ በሩ መድረስ መቻላቸውን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ልጅ ሲመጣ መኪና እገዛለሁ ብሎ የሚያስብ ግን ራሱን መኪና እንዳለው ሰው ቆጥሮ ያስላ።

በእኔ ሚዛን በስም የተመዘገበ፣ የተለካና የተሞከረ ማቆሚያ ያለው ቤት የሚቀድመው ሒሳቡ ሲመጣጠን ነው። ሒሳቡ ወደ ሌላው ወገን ካጋደለ፣ ማቆሚያ የሌለውን ቤት ገዝቶ በአቅራቢያ መከራየት ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ጥሩ አማራጭ ነው፤ መኪናው ሲሸጥ ወይም ሥራ ሲቀየር ውሉ ይቋረጣል፤ የተገዛ ማቆሚያ ግን አብሮ ይኖራል። መንገድ ዳር ማሳደርን የምመክረው የሦስቱን ምሽት ቆጠራ ላለፈ ሰፈርና በጊዜ ለሚገባ ሰው ብቻ ነው። ያልተመደበ የጋራ ማቆሚያ ከመንገድ ዳር ብዙም አይሻልም፤ ልዩነቱ ዝናብ አለመምታቱና ጥበቃ መኖሩ ነው።

ማቆሚያ የሌለውን ቤት ለመግዛት የወሰነ ሰው ድርድሩን የሚጀምረው ከዚያው ሒሳብ ነው። የወሩን የማቆሚያ ኪራይ በ12 አባዝቶ ለወለዱ ማካፈል ከዋጋው ሊቀነስ የሚገባውን ያሳያል፤ ኪራዩ 70፣ ወለዱ 9 በመቶ (0.09) ከሆነ 9,300 ገደማ ይመጣል። ሻጩ «ጎረቤት ያከራያል» ካለ ከአከራዩ ጋር ቀብድ ከመከፈሉ በፊት መነጋገር፣ ቦታው መኖሩንና ለስንት ጊዜ እንደሚከራይ ማረጋገጥ፣ ቢቻል ውሉን ከቤቱ ውል ጋር በአንድ ቀን መፈራረም ያስፈልጋል፤ ቤቱ ከተገዛ በኋላ ከሆነ ገዢው ሌላ ምርጫ እንደሌለው አከራዩም ያውቃል።